ማታ ሥራ የሚገባው መጽሐፍ

ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ ሁለት ደንበኛ አጣቦ የሚያስቆም አንድ የስልክ ሱቅ አለ። በሩ ላይ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ተንጠልጥሏል፤ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ካውያና አንድ ወጣት አሉ። ወጣቱ የተበላሸ ስልክ ይጠግናል፣ ሚሞሪ ላይ ፊልምና ዘፈን ይጭናል። ኅዳር ውስጥ አንድ ሐሙስ ስልኬ ቻርጅ አልቀበል ብሎኝ ተራዬን ስጠብቅ ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ገባች። የያዘችው ስልክ የእሷ እንዳልሆነ ያስታውቃል። መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ጀርባው እንዳይከፈት በላስቲክ ታስሯል።

«የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ትጭንልኛለህ?» አለችው።

«የቱን?»

«ሁሉንም።»

ወጣቱ ኮምፒውተሩ ላይ «የቱርክ ፊልም» ከሚለው ፎልደር ቀጥሎ የተቀመጠውን «ቴክስትቡክ» የሚል ፎልደር ከፈተ። መጻሕፍቱ በፒዲኤፍ ተደርድረዋል። ችግሩ ስልኩ ነው፤ ጢም ብሎ ሞልቷል። የዘመድ ሠርግ፣ የመዝሙር ቪዲዮ፣ የልደት ፎቶ።

«የሆነ ነገር እናጥፋና ቦታ ይገኝ» አላት።

«አባቴን ሳልጠይቅ?» አለች ደንግጣ።

በመጨረሻ ሦስት መጻሕፍት ብቻ ገቡ፤ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ባዮሎጂ። ፊዚክስና ኬሚስትሪ አባት ፈቅዶ ሠርጉ እስኪጠፋ ይጠብቃሉ።

መንገዳችን አንድ ነበርና ስልኩ የማን እንደሆነ ጠየቅኋት። የአባቷ ነው። አባቷ መጋዘን ይጠብቃል፤ ማታ በ12 ሰዓት ሥራ ገብቶ ጠዋት በ1 ሰዓት ይመለሳል። ስልኩም አብሮት ይገባል፤ ተረኛ ጥበቃ ያለ ስልክ አያድርም። «ታዲያ ማታ በምን ታጠኛለሽ?» ስላት ከቦርሳዋ አንድ ደብተር አውጥታ አሳየችኝ። አባቷ እስኪወጣ ባለው ሰዓት ከስልኩ እያየች የምትችለውን ያህል ገጽ በእጇ ትገለብጣለች። ማይክሮስኮፕ በእርሳስ ሥላለች፤ ክፍሎቹን በእንግሊዝኛ ጽፋ በቀስት አመልክታለች። ሥዕሉ ያምራል።

«ማይክሮስኮፕ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ ጋሼ፣ በስልክ።»

ያን ቀን ቤቴ ስገባ ሐሳቤ ከደብተሩ አልተላቀቀም። ድሮ በአገራችን መጽሐፍ የሚባዛው በቁም ጸሐፊ እጅ ነበር። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ሲገለብጥ ወራት ይፈጅበታል። ማተሚያ ቤት መጣና ከዚያ ድካም ገላገለን። አሁን ደግሞ ከማተሚያ ቤት ወደ ስልክ ተሻገርን አልን። እንዲህ ከተሻገርን በኋላ በ14 ዓመት ልጅ እጅ ቁም ጸሐፊን መልሰን ማምጣታችንን ማን ልብ አለው?

በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በሰፊው ሥራ ላይ ሲውል የታተመ መጽሐፍ በወቅቱ ለብዙ ተማሪዎች አልደረሰም። መፍትሔ ተብሎ የመጣው ሶፍትኮፒ ነው። ሶፍትኮፒው በቴሌግራም ተሰራጨ፣ ከስልክ ስልክ ዞረ፣ ወላጅም «ይሁን፣ ከምንም ይሻላል» አለ። እውነት ነው፣ ይሻላል። ዲጂታል ትምህርት ማለት ግን ይሄ ነው? መንግሥትም፣ ወላጅም፣ እኔም በየስብሰባው «የዕውቀት ኢኮኖሚ» ስንል የምናስበው ማታ ማታ ከአባት ጋር ሥራ የሚገባ መጽሐፍ ነው?

ቃሉ ራሱ ለአንዳንዱ ሰው የስብሰባ ቋንቋ ይመስለዋል። እኛ አቃቂ ቃሊቲዎች ግን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ይህ ሰፈር ያደገው በፋብሪካ ነው። አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቃሊቲ ምግብ፣ ቃሊቲ ብረታ ብረት እያልን ነው ሰፈር የምንጠራው። ወላጆቻችን እንጀራቸውን ያገኙት በክንዳቸውና በትከሻቸው ነው። ክንድ ያለው ሰው ሥራ አያጣም ነበር። ዛሬስ? ቃሊቲ ጉምሩክ ደጃፍ ፋይል በብብቱ ይዞ ይሯሯጥ የነበረው ትራንዚተር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሮኒክ አንድ መስኮት አገልግሎት የሚባለውን መልመድ ግድ ሆኖበታል። ቂሊንጦ ባለው የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚቀጠር ልጅ ጆንያ ከመሸከም ይልቅ የማሽን ስክሪን ማንበብ ይጠበቅበታል። ጉሊት ላይ ቲማቲም የምትቸረችረው እናት እንኳን ቴሌብር ከመጣበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሒሳቧን በስልክ መቀበል ይዛለች። ለእኛ የዕውቀት ኢኮኖሚ ማለት ይኸው ነው፤ እንጀራው ከትከሻ ወደ ጭንቅላት መሸጋገሩ። ሽግግሩ እስክንዘጋጅ አልጠበቀንም። የቀረው ጥያቄ ልጆቻችን በየትኛው በር እንደሚገቡ ነው፤ በማሽኑ አዛዥነት ወይስ በጫኝና አውራጅነት?

የሚያስቆጨው ደግሞ ቅርበቱ ነው። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው እዚሁ ክፍለ ከተማችን፣ ቂሊንጦ ነው። በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ብዙዎቻችን «አሁን ሰፈራችን አለፈለት» ብለን ነበር። ማይክሮስኮፕ በስልክ ብቻ ካየችው ልጅ ቤት እስከዚያ ድረስ በታክሲ ሩቅ አይደለም። ነገሩ የውኃውን ታሪክ ያስታውሰኛል። ለአዲስ አበባ ውኃ ከሚያጠጡት ጥልቅ ጉድጓዶች እጅግ ብዙዎቹ የተቆፈሩት አቃቂ ምድር ላይ ነው፤ ሆኖም በዚሁ ክፍለ ከተማ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሉ የለ? በዕውቀትም እንዲሁ ሆነናል፤ ምንጩ ደጃችን ነው፣ ቧንቧው ግን ወደ እኛ አልተዘረጋም።

ይህን የምለው የቴክኖሎጂ ጠላት ሆኜ አይደለም። እንዲያውም እኔ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በሳተላይት የሚተላለፍ ትምህርት ሲጀመር ክፍላችን ግድግዳ ላይ ፕላዝማ የሚባል ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ። የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል፤ ከጎረቤት ክፍል ሳይቀር ሊያዩት መጥተው በር ላይ ተጋፉ። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ባዮሎጂ በእንግሊዝኛ ይወርዳል። መምህራችን መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይናገራል፣ ከዚያ ዳር ይይዛል፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል። መሐል ያለው ሰዓት የቴሌቪዥኑ ነው። ጥያቄ ይጠይቀናል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ይናገርና ያልፋል። ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ ማን ያየዋል? ሳተላይት ወደ ኋላ አይመለስም። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት ከነአካቴው ቀረ ማለት ነው።

ሐቁን እንናገር ከተባለ ፕላዝማው ጥሩ ጎንም ነበረው። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ተማሪ የኬሚስትሪ ሙከራ በዓይኑ አየ። ሥዕሉ ንጹሕ፣ ዝግጅቱም የተደከመበት ነበር። ያጠፋው መምህሩን ማብሪያና ማጥፊያ ተጫኝ አድርጎ ማስቀመጡ ነው። አንድ ጎበዝ የሒሳብ መምህር ነበረን፤ ጠመኔ ሲይዝ እጁ አያቆምም። ፕላዝማ በመጣ ዓመት ጠመኔውን ኪሱ ከትቶ ግድግዳ ተደግፎ መቆም ጀመረ። አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ ተበላሸ። ጠጋኝ ይመጣል ተባለ፤ ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ተመለሰ፤ እኛም በዚያ ወር ነው ሒሳብ የገባን። ቴሌቪዥኑ እዚያው ተሰቅሎ እስክንጨርስ ድረስ ጥቁር ፊቱን እያሳየን ከረመ።

የዚያ ቴሌቪዥን ነገር የመለዋወጫን ጥቅም ያስታውሰኛል። አቃቂ ላይ በደርግ ዘመን የተቋቋመ የመለዋወጫ ዕቃዎች ፋብሪካ አለ። ልጅ ሆኜ አንድ የሰፈራችን አዛውንት ሜካኒክ «ማሽን የገዛ ሰው ግማሹን ነው የገዛው፤ ሌላው ግማሽ መለዋወጫውና ባለሙያው ነው» ሲሉ ሰምቻለሁ። ይህን ትምህርት እንደ አገር ደጋግመን ረስተነዋል። መስከረም 2008 ዓ.ም. ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ እኛ ቃሊቲ ድረስ የመጣው ቀላል ባቡር የሰፈራችን ኩራት ነበር። ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ ችግር ሲቆሙ ተሳፋሪው ወደ ታክሲ ሰልፉ ተመለሰ። ባቡሩ መጥፎ ስለነበር አይደለም፤ ሌላው ግማሹ ስላልተገዛ ነው። የትምህርት ቤት ኮምፒውተርም ከዚህ አይለይም።

ስለ ኮምፒውተር ካነሳሁ ያየሁትን ልናገር። አምና ለወላጆች ስብሰባ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ስሙ ይቅር፤ ብዙዎቻችሁ የልጆቻችሁን ትምህርት ቤት ታስታውሱበታላችሁ። ግቢው ውስጥ «የአይሲቲ ክፍል» የሚል ጽሑፍ ያለበት በር አየሁ፤ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎበታል። በመስኮት አጮልቄ ስመለከት ከሃያ የማያንሱ ኮምፒውተሮች በላስቲክ ተሸፍነው ተደርድረዋል። ላስቲኩ ላይ አቧራ ተኝቷል። የአንዳንዱ መጠቅለያ ስፖንጅ ገና አልወጣም። ልጆቹ የኮምፒውተር ትምህርት ይማራሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ይማራሉ፤ ከደብተር። ኪቦርድ ሰሌዳ ላይ ይሣላል፣ እነሱም ይገለብጣሉ።

ቁልፉ ያለው ንብረት ክፍል ዘንድ ነበር። ሰውየውን አገኘኋቸው፤ ትሑት፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። «ለምን አይከፈትም ጋሼ?» አልኳቸው። ዙሪያቸውን ተመለከቱና ቀስ ብለው ነገሩኝ።

«ልጄ፣ ንብረቱን በተረከብኩበት ሞዴል 22 ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ። አንድ ማውዝ ቢጠፋ፣ አንዱ ስክሪን ቢሰበር ከደመወዜ ነው የሚቆረጠው። ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶኛል። በንጽሕና ተረክቤ በንጽሕና ባስረክብ አይሻለኝም?»

ምን ልበላቸው? በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔስ እከፍት ነበር? ሰውየው ክፉ አይደሉም፤ የተሰጣቸውን አደራ የሚጠብቁ ናቸው። አደራው ራሱ ነው የተጣመመው። የተሰበረ ኮምፒውተር ተጠያቂ አለው። ሳይከፈት ያረጀ ኮምፒውተር ግን ተጠያቂ የለውም። ኦዲተር ሲመጣ «ስንት አላችሁ?» ይላል እንጂ «ስንት ልጅ ተማረበት?» አይልም። ዕቃው በቁጥር ልክ ከተገኘ ሁሉ ደኅና ነው። በዚያ ሒሳብ መሠረት የዚያ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ትምህርት ፍጹም ስኬታማ ነው፤ አንድም ማውዝ አልጎደለም።

ልጆች ይሰብሩታል የሚለውን ፍርሃት አንድ ታሪክ ፈትኖታል። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ማንበብ የማይችሉ ልጆች ላሉባቸው ሁለት መንደሮች ታብሌት በታሸገ ሳጥን አደለ፤ መመሪያም አስተማሪም አልሰጠም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በኋላ እንደተናገረው፣ ልጆቹ በአራት ደቂቃ ውስጥ ሳጥኑን ከፍተው ማብሪያውን አገኙ፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፍተው ፎቶ ማንሳት ጀመሩ። ዓለም በልጆቻችን ብልሃት ተደነቀ፤ ያስደንቃልም። እኔን የሳበኝ ግን ብዙ ሰው የማያነሳው የታሪኩ ክፍል ነው። ታብሌቶቹ ቻርጅ የሚደረጉት በፀሐይ ኃይል ነበር፤ በየሳምንቱም አንድ ቴክኒሻን እየሄደ የሚሞሪ ካርዳቸውን ይቀይር ነበር። ልጆቹ ብቻቸውን አልነበሩም፤ መብራቱም፣ ሳምንት ጠብቆ ደጃቸው የሚመጣ ሰውም ነበራቸው። «ሌላው ግማሽ» ማለት ይኸው አይደል?

ይህን ግማሽ የዘነጋ ምን እንደሚገጥመው ፔሩ አይታዋለች። ከ800 ሺህ በላይ ላፕቶፕ ለተማሪዎቿ አከፋፈለች። የአሜሪካ አህጉር አገራት ልማት ባንክ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጥናት ግን የልጆቹ የሒሳብና የቋንቋ ውጤት ለመሻሻሉ ማስረጃ አላገኘም። በተቃራኒው ኢስቶኒያ አለች፤ የሕዝቧ ቁጥር ጥቂት የሆነ ትንሽ አገር። ከሶቭየት ኅብረት ከወጣች ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996፣ «የነብር ዝላይ» ያለችውን መርሐ ግብር ጀመረች። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ትምህርት ቤት ስታስገባ መምህራኑን ማሠልጠንን የሥራው ምሰሶ አደረገችው። ዛሬ በዲጂታል አገልግሎት ስሟ ቀድሞ የሚጠራው ከዚያ ተነስታ ነው። ልዩነቱ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፔሩም ብዙ አውጥታ ነበር።

እኛም ጋ ጥሩ ጅምር የለም ማለት አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በነፃ ነው፤ ፕሮግራሚንግና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታውያንን ቤት ተቀምጦ መማር ይቻላል። ትምህርቱ ግን በእንግሊዝኛ ነው፤ ኢንተርኔትም ይፈልጋል። ዳታውን የሚገዛላት፣ እንግሊዝኛው ሲያደናቅፋት የሚያስረዳት ከሌለ የጥበቃው ልጅ ደጁ ላይ ነው የምትቀረው። ነፃ የሆነ ነገር ሁሉ ለሁሉም ክፍት አይደለም።

ከኢንተርኔት ጋር ያለን ግንኙነትም አስገራሚ ነው። ግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ፈተናው መቋረጡን ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2009 ዓ.ም. ፈተናው እስኪያልቅ ኢንተርኔት ተዘጋ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የተወሰኑ ተማሪዎች ያንኑ ፈተና የሚፈተኑት በኢንተርኔት ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ ፈተናን ለማዳን የምንዘጋው ነገር ፈተናን የምንሰጥበት ሆነ። ለውጡ ደግ ነው። ነገር ግን ኪቦርድን በሰሌዳ ሥዕል የተማረ ልጅና ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ አንድ ስክሪን ፊት ሲቀመጡ የሚፈተነው ምንድን ነው? ሒሳቡ ነው ወይስ የማውዝ አያያዙ?

ውጤቱንም እናውቀዋለን። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲወስዱና ኩረጃ ሲጠብ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2017 ዓ.ም. ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ከፍ ማለቱ ያስደስታል። ያም ሆኖ ከአሥር ልጅ ዘጠኙ ማለፊያውን አላገኘም ማለት ነው። ያ ቁጥር በየቤታችን የተቀመጠ ልጅ ነው፤ ጠዋት ተነስቶ የት እንደሚሄድ የማያውቅ፣ እናቱ ጎረቤት ስትጠይቃት «እንዴት ሆነ?» የሚለውን ጥያቄ የምትሸሽለት ልጅ።

የኩረጃው በር ተዘጋ ስንል ደግሞ ሌላ በር ተከፈተ። የጎረቤቴ ልጅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው። በቅርቡ የፊዚክስ የቤት ሥራውን ቻት ጂፒቲ ጠይቆ፣ መልሱን በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ገልብጦ ሙሉ ማርክ አገኘ። እንግሊዝኛው የጋዜጣ ነው። «እስቲ ይህቺን መስመር አስረዳኝ» ስለው ሳቀ። «ጋሼ፣ እኔ ምን አውቄ? ቲቸርም አልጠየቀን።» ተመልከቱ፤ ይህም ልጅ እየገለበጠ ነው፤ ያቺም ልጅ እየገለበጠች ነው። እሷ መጽሐፍ አጥታ፣ እሱ መልስ ሞልቶት። በሁለቱም መሐል የጠፋው «ገባህ? ገባሽ?» የሚል ሰው ነው። በድሮው የቄስ ትምህርት ቤት እንኳን መሪጌታው በስንጥር ፊደሉን እየነካ ልጁ ሳይለየው ወደሚቀጥለው አያሻግረውም ነበር። ስንጥሯ ተራ እንጨት ናት፤ የያዛት ሰው ግን የልጁን ዓይን ያያል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ይሆናል ድስት ጥዶ ማልቀስ ይባላል። እኔ ግን ድስቱ ገና አላረረም ባይ ነኝ። እንደ አንድ የሰፈር ነዋሪ የሚታየኝን ልናገር።

ከሁሉ በፊት ያ ጓጉንቸር ይከፈት። እንዲከፈት ደግሞ የንብረት ክፍሉ ሰው ከፍርሃት ነፃ ይውጣ። ልጆች በተማሩበት ኮምፒውተር ላይ የሚደርስ ብልሽት እንደ ጠመኔ ማለቅ ይቆጠር፤ በየዓመቱ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ በጀት ሲያዝ አብሮ ይያዝ። ኦዲተሩም ከዕቃው ቁጥር ጋር ክፍሉ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደተከፈተ ይጠይቅ። ያቺ አንዲት ጥያቄ ብቻ ብዙ በር ታስከፍታለች።

መጻሕፍቱን ለማግኘትም የግድ የእያንዳንዱ ወላጅ ስልክ መጨናነቅ የለበትም። ኢንተርኔት ባይኖር እንኳን መጻሕፍቱን፣ የትምህርት ቪዲዮውን፣ መልመጃውን በአንድ ኮምፒውተር ላይ አስቀምጦ ለክፍሉ ሁሉ በገመድ ማዳረስ ይቻላል። ያ የስልክ ሱቅ ወጣት በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከቱርክ ፊልም ጎን የከፈተውን ቤተ መጻሕፍት ትምህርት ቤት መክፈት እንዴት ያቅተዋል? ከትምህርት ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ክፍሉ ክፍት ቢሆን፣ ስልኩ ሥራ የገባበት ልጅ የት እንደሚሄድ ያውቃል።

ጠጋኝ ከየት ይምጣ ለሚል፣ ከቂሊንጦ ይምጣ እላለሁ። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች በወር አንድ ቅዳሜ በአቅራቢያቸው ላለ ትምህርት ቤት ቢመደቡ የተበላሸው ይጠገናል፣ እነሱም እጃቸውን ያፍታታሉ። የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞችም እንዲሁ። ለመምህሩ ደግሞ ሥልጠናው የሁለት ቀን ስብሰባና ሰርተፊኬት ሆኖ አይቅር። ዛሬ ብዙ መምህር ወርክሺት በቴሌግራም የሚልከው ከገዛ ኪሱ በገዛው ጥቅል ነው። በገዛ ዳታው የሚያስተምርን ሰው «ቴክኖሎጂ አይወድም» ብሎ መውቀስ ነውር ነው። ልጁ መሠረቱን በሚያስብበት ቋንቋ፣ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ፣ ይያዝ፤ እንግሊዝኛው በዚያ ላይ ይገንባ። የግእዝ ፊደል እኮ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ በዩኒኮድ ውስጥ ቦታውን ይዟል። ፊደሉ ከገባ ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈው፤ ዕውቀቱን በፊደሉ መሙላቱ የእኛ ዕዳ ነው።

አባቶቻችን «የተማረ ይግደለኝ» ይሉ ነበር። ሳይማሩ ያስተማሩን ለዚያ ነው። ያ የመጋዘን ጥበቃ ስልኩ ላይ ካለው የዘመድ ሠርግ ይልቅ ፊዚክስ ይበልጥብኛል ብሎ እንደሚያጠፋው አልጠራጠርም። ወላጅ ከዚህ በላይ ምን ይስጥ?

ይህን ሁሉ ጽፌ ቀና ስል ዓይኔ ቁም ሣጥኔ አናት ላይ አረፈ። ሥራ ስቀይር ከቀድሞ መሥሪያ ቤቴ በርካሽ የገዛሁት አሮጌ ላፕቶፕ እዚያ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ ዳንቴል አልብሳዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን እንዳልተነካ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱ አሳፈረኝ፤ ልጆች ይሰብሩታል ብዬ ነው። ሞዴል 22 ሳልፈርም እኔም ንብረት ክፍል ሆኛለሁ።

አውርጄ ወደዚያ የስልክ ሱቅ ወሰድኩት። ወጣቱ ጀርባውን ፈትቶ አየው። «ባትሪው ሞቷል» አለኝ፤ «ሌላው ደኅና ነው። ሶኬት ላይ ከሰካኸው ይሠራል። መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል እንጂ።» ፎልደሩን ሙሉውን ጫነበት፤ ፊዚክስና ኬሚስትሪም ሳይቀሩ። የቱርክ ፊልሙን ልጨምር ወይ ብሎኝ ተሳሳቅን።

አሁን ላፕቶፑ ከወላጆቿ ጋር ተነጋግረን የጥበቃው ቤት ገብቷል። ባለፈው ሳምንት መብራት ሁለት ማታ ጠፍቶ እንደነበር ልጅቷ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ነገረችኝ። በሦስተኛው ማታ ግን የባዮሎጂ ምዕራፉን መገልበጥ ትታ መጨረሻው ላይ ያሉትን ጥያቄዎች መሥራት ጀምራለች። ሁለቱ አልገቧትም። ማንን እንደምትጠይቅ ግራ ገብቷት ነበር።